ጭንቅላታቸውን ተጎድተው ከሞት ስለተረፉ ሰዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለጤና መድን አገልግሎት፣ እንዲሁም በየሆስፒታሉ የታማሚን መውጫ ወረቀት ለምትፈርሙ ሐኪሞች

የተከበራችሁ ሆይ፦

ወንድሜ አናጺ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በግንቦት ወር፣ ደሴ ከተማ ውስጥ በግንባታ ላይ ከነበረ ሕንፃ፣ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ሄልሜት አላደረገም፤ እዚያ ሥራ ላይ ከነበሩት መካከል ያደረገ ሰው አልነበረም። ሲቲ ስካን ሲነሣ የግራው የአንጎሉ ክፍል ደም እንደፈሰሰበት ታየ። የራስ ቅሉ ተከፍቶ ደሙ ወጣለት። አሥራ ሁለት ቀን ሳይነቃ ቆይቶ በአሥራ ሦስተኛው ዓይኑን ገለጠ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ የወደቀ አናጺ ዕጣው ምን እንደነበር ማንም ይገምታል። ስለዚህ ነፍሱን ላተረፉለት ሐኪሞችና ነርሶች ያለኝ ምስጋና እዚህ ከማነሣው ወቀሳ ሁሉ ይበልጣል።

የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ አንድ ወረቀት ተሰጠን። በእንግሊዝኛ የተጻፉ አራት መስመሮች ነበሩበት፦ የጉዳቱ ስም፣ የተደረገለት ቀዶ ሕክምና፣ የሚጥል በሽታ እንዳይነሣበት የሚውጠው ኪኒን፣ ከሁለት ወር በኋላ የሚመለስበት ቀን። ነርሷን «ቤት ስንገባ ምን እናድርግለት?» አልኳት። ክፍል ሙሉ አልጋ ብቻዋን የምትጠብቅ፣ ድካም ፊቷ ላይ የተጻፈባት ወጣት ነበረች። «ይረፍ» አለችኝ።

አሳረፍነው። እናቴ መስኮቱን በጋቢ ጋረደችው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት ስለነበር እህሉን በጉርሻ ታበላው ጀመር። ሲጠማው ውኃው ከአፉ ይደርስለታል። ሊነሣ ሲል ሁለት ሰው በብብቱ ገብቶ ያነሣዋል። አንድ ቃል ጠፍቶት ሲያምጥ እኛ ቀድመን እንጨርስለታለን። ሊጠይቅ የሚመጣው ሁሉ «እንዲህ ያለ አስታማሚ ለሰው ሁሉ ይስጥ» እያለ መረቀን። አምስት ወር በዚህ ሁኔታ ሄደ። በአምስተኛው ወር መጨረሻ ቀኝ እጁ ከሆስፒታል ከወጣበት ቀን ይልቅ ደርቆ፣ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተጣጥፈው፣ ክርኑ ከደረቱ ተጣብቆ አገኘነው።

በዘመድ በኩል ያገኘናት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ስትገባ እናቴ ምሳውን እያጎረሰችው ነበር። ባለሙያዋ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጥቂት ቆማ ተመለከተችና፣ «እማማ፣ ለዚህ ቀኝ እጅ በቀን ስንት ጊዜ ሥራ ይሰጡታል?» አለቻት። እናቴ ጥያቄው አልገባትም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም። አንድ ጊዜም ሥራ ሰጥተነው አናውቅም ነበር።

መምህርት ነኝ። ያልገባኝን ነገር ሳላነብ መተው አይሆንልኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያነበብኩትንና ባለሙያዋ እያረመችኝ የተረዳሁትን ለሌላው ቤተሰብ ጭምር ይጠቅማልና ልናገር።

ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ያደገ ሰው አንጎል ተተኩሶ እንደወጣ ሸክላ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ከተሰበረ ተሰበረ። የነርቭ ሕዋስን መልክ ለዓለም ያሳየውና እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ካሃል እንኳ በጎልማሳ ሰው አንጎል ውስጥ የነርቭ መንገዶች አንድ ጊዜ ተዘርግተው ያለቁ ናቸው ብሎ ነበር። ዛሬም ቢሆን የሞተ ሕዋስ አይነሣም። የተለወጠው ስለተረፉት ሕዋሳት ያለን ዕውቀት ነው። የተረፉት በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ያጠነክራሉ፤ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ቀድሞ የጎረቤት ክፍል ይሠራው የነበረውን ሥራ ይወርሳሉ። ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ መንደርተኛው ዳገቱን ዞሮ በእግሩ መንገድ እንደሚያወጣው ነው። ያ መንገድ የሚኖረው ግን እግር እስከረገጠው ድረስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ራንዶልፍ ኑዶ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በትናንሽ ዝንጀሮዎች ላይ ያዩትን ሳነብ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እጅን ከሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ትንሽ ቦታ ላይ ጉዳት ሲደርስ፣ እጃቸውን እንዲያሠለጥኑ ካልተደረጉት ዝንጀሮዎች ዘንድ የሞተው ቦታ ብቻ አልጠፋም፤ አጠገቡ ያለው፣ ጉዳት ያልደረሰበት የእጅ ክፍልም እየጠበበ ሄደ። ከትንሽ ጉድጓድ ምግብ እየለቀሙ እንዲያወጡ የተደረጉት ዝንጀሮዎች ዘንድ ደግሞ የተረፈው ክፍል ሥራውን ጠበቀ፤ እንዲያውም የክርንና የትከሻ ወደነበረው ቦታ ተስፋፋ። እንግዲህ አስቡት፤ ወንድሜ ከወደቀበት ፎቅ ይዞት የመጣው ጉዳት አንድ ነበር፣ እኛ በፍቅር ብዛት የጨመርንበት ደግሞ ሌላ። አንጎል የሚያሠሩትን ይማራል። እንዲተኛ ከተደረገ መተኛትን ይማራል፤ እጁ እንዲቀመጥ ከተደረገ እጅ እንደሌለው መኖርን ይማራል። ኤድዋርድ ታውብ የተባሉ ሌላ ተመራማሪ ይህን አለመጠቀምን መማር ብለው ሰይመውታል። ደህናውን እጅ በጓንት አስረው የደከመው እጅ በግድ እንዲሠራ የሚያደርግ ልምምድም አውጥተውለታል። ይህ ዘዴ በብዛት የተፈተነው በስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈስሶ በሚመጣው ሕመም፣ ታማሚዎች ላይ ነው። ጭንቅላቱን ለተመታ ሰውም በባለሙያ ዓይን ሥር ይሠራበታል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማረፍ ተገቢ መሆኑን አልክድም፤ አብጦ የነበረ አንጎል ጸጥታ ይፈልጋል። ነርሷ ውሸት አልነገረችኝም። የጎደለው «ይረፍ» ከተባለ በኋላ ሊከተል የሚገባው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፦ እስከ መቼ፣ ከዚያስ ምን? አብዛኛው ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መሆኑን ባለሙያዎቹ ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት መሻሻል አለ፣ ግን ዝግ እያለ ይሄዳል። ከስድስቱ አምስቱን እኛ ጋቢ በተጋረደበት ክፍል ውስጥ ጨረስናቸው።

ገንዘባችንን ያፈሰስነው ሌላ ቦታ ነበር። በእነዚያው ወራት «ለአንጎል ምግብ ነው» ተብሎ የተነገረንን ሲቲኮሊን የሚባል መድኃኒት ለመግዛት የአባታችንን ሁለት በሬዎች ሸጠናል። ኋላ ያነበብኩት እንዲህ ይላል፦ አሜሪካ ውስጥ 1,213 ጭንቅላታቸውን የተጎዱ ሰዎች ላይ ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ሲወጣ፣ ዘጠና ቀን መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ አልዳኑም። ለዘጠና ቀን ኪኒን በሬ የሚሸጥ ቤተሰብ፣ ለዘጠና ቀን ልምምድ ጉልበቱን እንደማይነፍግ እመኑኝ። የነገረን ሰው አልነበረም።

ባለሙያዋ ምን አሠራችን? የቤታችንን ሥራ። ስፖርት ማለት ብረት ማንሣት መስሎን ነበርና ተገረምን። መጀመሪያ እናቴን ጉርሻውን አስተዋቻት፤ ይህ ከሁሉ ከበደ። እናት ልጇ ወጥ ደረቱ ላይ እያፈሰሰ፣ እንጀራውን ሦስቴ አራቴ እየጣለ ሲበላ ዝም ብላ እንድታይ ማዘዝ ቀላል አይደለም። እናቴ ለአንድ ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር። ቀጥሎ ሰፌድ ላይ ጥሬ ቡና ዘርግተን በቀኝ እጁ አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ስኒ እንዲከት አደረግነው። ከቡና ወደ ሽምብራ፣ ከሽምብራ ወደ ምስር ወረድን። እየቆጠርን። ባለሙያዋ ቁጥር ላይ ቀልድ አታውቅም ነበር፤ ምክንያቱንም ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት በሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች የስትሮክ ታማሚ በአንድ የልምምድ ጊዜ በእጁ የሚሠራው ጠቃሚ እንቅስቃሴ በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ እንደሆነ ቆጥሯል። አንጎላቸው ሲለወጥ በታየባቸው የእንስሳት ሙከራዎች ግን በአንድ ቀን ከ400 እስከ 600 ጊዜ ነበር። ሀብታም አገር ያለ ሆስፒታል 32 ላይ ከቆመ፣ በወር አንድ ጊዜ ተጉዞ የሚደርስ የእኛ ታማሚ ከስንት ሊደርስ ነው? ቤት ውስጥ ግን ቡና አለ፣ ሰፌድ አለ፣ ቀኑም ረጅም ነው። ወንድሜ በየካቲት ወር በቀን አምስት መቶ ምስር ይለቅም ነበር።

በሰባተኛው ወር መላጊያውን ሰጠነው። ከዚያ በፊት በቃል ብናስረዳው የማይገባው እንቅስቃሴ፣ እንጨቱን ሲያይ ትከሻውም ክርኑም አብረው መጡለት። የመጀመሪያው ፍቅፋቂ እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲወጣ ሳቀ፤ ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት የባቡር ሐዲድ ሲሠራ ብረት ጉንጩን ዘልቆ በአናቱ የወጣበትን የፊኒየስ ጌጅን ታሪክ የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጠባዩ ተለውጦ «ጌጅ ጌጅ አይደለም» መባሉ ይነገራል። ኋላ ወደ ቺሊ ሄዶ በብዙ ፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ሲነዳ ለዓመታት መኖሩ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። ታሪኩን መልሰው የመረመሩ ሰዎች፣ በየዕለቱ በአንድ ሥርዓት የሚሄደው ያ ሥራ ራሱ ሳያክመው አልቀረም ይላሉ። ለወንድሜ መላጊያው ሠረገላው ሆነለት።

እዚህ ላይ በእጁ ብቻ ልጨርስ አልችልም፤ ቤተሰብን የሚያፈርሰው እጅ አይደለምና። ጭንቅላት ሲመታ አንጎል የራስ ቅል ውስጥ ይናወጣል፤ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይወጠራሉ፣ ይበጠሳሉ። ስለዚህ ጉዳቱ እንደ ስትሮክ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይቀመጥም። ግንባር ሥር ያለው፣ ቁጣን የሚገታውና ነገርን በተራ የሚያስኬደው ክፍል ደግሞ በቀላሉ ይጎዳል። ዝምተኛው ወንድሜ የክርስትና አባቱን ፊት ለፊት ተሳደበ። ሕፃን ሲያለቅስ ስኒ ወረወረ። ጠዋት የነገርነውን ከሰዓት አያውቀውም፤ እሳት ላይ የጣደውን ይረሳል። ጎረቤት «ተደግሞበት ነው» አለ፣ ሌላው «ድሮም ጠባዩ ነው፣ አሁን ምክንያት አገኘ» አለ። ጸበል ወሰድነው፤ ይህን አልነቅፍም፣ በየማለዳው ዳገቱን መውጣቱ ራሱ ጠቅሞታል። ኪኒኑን አቋርጦ የሚጥል በሽታ የጣለው ቀን ግን ልናጣው ነበር። እጮኛው ተለየችው። እሷንም አልፈርድባትም። ቁጣው የጉዳቱ አካል መሆኑን፣ ጸጥታና እረፍት ሲያገኝ እንደሚበርድ፣ ብዙ ሰውና ጫጫታ ሲከበው እንደሚነሣ አንድ ሐኪም አስቀምጦ ነግሯት ቢሆን ኖሮ ምን ትወስን እንደነበር ዛሬም እጠይቃለሁ።

ለመርሳቱ ያገኘንለት ነገር ስልክ ነው። እንግሊዝ አገር ባርባራ ዊልሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ የማስታወስና የማቀድ ችግር ላለባቸው 143 ሰዎች በሰዓቱ እየጮኸ መልእክት የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ሰጥተው ነበር። ሙከራውን ከጨረሱት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የዕለት ሥራቸውን በተሻለ ሁኔታ ማከናወን ቻሉ። ዛሬ ያ መሣሪያ በእያንዳንዱ ርካሽ ስልክ ውስጥ አለ። ለወንድሜ ስልኩ በቀን ሰባት ጊዜ ይጮኽለታል፦ ኪኒን፣ ቁርስ፣ ምስር፣ እረፍት... ድምፁን የመረጠው ራሱ ነው።

ሁሉም አልተመለሰም። ማሽተት አይችልም፤ ከአፍንጫ ወደ አንጎል የሚያልፉት ቀጫጭን ክሮች ሲወድቅ ተቆርጠዋል። እናቴ ቡና ቆልታ ስታዞርለት እንደ ድሮው እጁን እያራገበ ጭሱን ይቀበላል። የሚሸተው ነገር ግን የለም። ከሰዓት በኋላ ድካም ይጥለዋል። ፎቅ ላይ ዳግመኛ አይወጣም። ሆኖም በራሱ እጅ ይበላል፣ ይለብሳል፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ዱካ ሠርቶ ይሸጣል። አምስቱ ወራት ባይባክኑ ኖሮ ምን ያህል ይሻለው እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

የተከበራችሁ ሆይ፤ የምጠይቃችሁ ሕንፃ አይደለም። ሕንፃውም ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ በየክልሉ አንድ፣ ጭንቅላታቸውን የተጎዱ ሰዎች የሚሠለጥኑበት ቦታ መኖር አለበት። እስኪመጣ ግን በእጃችሁ ያለው ብዙ ነው። በእያንዳንዱ አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድር አስታማሚ አለ። ሌሎች አገሮች በደመወዝ የማያገኙትን ሰው እኛ በነፃ አለን፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ምን ላድርግ እያለ ይጠብቃል። ታማሚው ሆስፒታል ሳለ ለዚህ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው፣ እንዴት እንደሚያስቀምጠው፣ እንዴት እንደሚያስነሣው፣ መቼ መርዳት መቼ መተው እንዳለበት ተምሮ ይወጣል። ሲወጣም በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዞ ይውጣ። ቢያስመልሰው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ እንቅልፉ ቢከብድ ወዲያው እንዲመልሰው፣ ኪኒኑን በራሱ እንዳያቋርጥ፣ ቁጣው ጠባይ ሳይሆን ጉዳት መሆኑን የሚነግረው ገጽ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን እናቶችንና ሕፃናትን ቤት ለቤት ሄደው የሚያዩ ናቸው። ከዚያው ቤት ውስጥ ግድግዳ ዞሮ የተኛ ጎልማሳ መኖሩን የሚጠይቁበት አንድ መስመር መዝገባቸው ላይ ቢጨመር፣ እንደ ወንድሜ ያሉት አምስት ወር ሳይታዩ አይቀሩም ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ለዓመታት ሲያስመርቅ ቆይቷል፤ ታማሚን ወደ ዕለት ኑሮው የሚመልሱ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችንም ማሠልጠን ጀምሯል። እነዚህ ልጆች ከተማ ብቻ እንዳይቀሩ በወረዳ ሆስፒታል መደብ ይከፈትላቸው።

የጤና መድን አገልግሎትን የምለምነው ደግሞ አንድ ነገር ነው። የልምምድ ቀጠሮ እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ፣ በመድኑ ከሚሸፈነው ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ፤ የመጓጓዣውም ነገር ይታሰብበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው አሠሪው የሚከፍለውን ሲዘረዝር ሕክምናን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ሆስፒታልን፣ መድኃኒትን፣ ሰው ሠራሽ አካልን ይጠራል። እግሩ የተቆረጠ ሠራተኛ ምን እንደሚያስፈልገው ሕጉ አስቦለታል። አንጎሉ የተጎዳው የሚያስፈልገው ሠው ሠራሽ አካል ወራት የሚፈጅ ልምምድ ነው፤ እሱ በስሙ አልተጠራም። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ተሐድሶ፣ ማለትም የተጎዳን ሰው ወደ ዕለት ኑሮው የሚመልሰው ሕክምና፣ የመደበኛው ጤና አገልግሎት አካል እንዲሆን የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቀዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር አላመጣሁም፤ የተባለው ከወረዳ ይድረስ ነው የምለው።

የመውጫ ገጹን በአማርኛ የሚያረቅ ሰው ካስፈለገ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እመጣለሁ፤ ፊዚዮቴራፒስቷም አብራኝ ለመሥራት ቃል ገብታለች። ረቂቁን ጀምረነዋል። ለአስታማሚው የተጻፈ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር እናቴ በአፏ ያስጻፈችን ናት፦ «ሲበላ ቢያፈስም እጁን አትቀሙት።»

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የአንድ አናጺ እህት፣ መምህርት
ደሴ